«እሺ» ከማለት በፊት ጠያቂው ማን ነው? በሊኑክስ የጥቅል አስተዳደር ትእዛዞችና በማዋቀሪያ ፋይሎች ላይ የተሰጠ የሕዝብ ትምህርት

ይህ ጽሑፍ በፋኩልቲያችን የሕዝብ ትምህርት መድረክ በቃል ከቀረበ ንግግር የተገለበጠ ነው። ትእዛዞቹና አማራጭ ምልክቶቹ በንግግሩ ጊዜ እንደ ተነበቡት በፊደላችን ተጽፈዋል። በመጨረሻም ተሳታፊዎች ካቀረቧቸው ጥያቄዎች ሁለቱ ከነመልሳቸው ተካተዋል።



የዛሬው ርእሴ ሲሰሙት ጥቃቅን ነገር ይመስላል። አንዲት ሰረዝ፣ አንዲት የላቲን ፊደል፣ ከዚያም «አዎ» ወይም «አይ» የሚል መልስ ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ሰው የደከመበት መዝገብ በእንዲህ ያለች ፊደል ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ንግግሬን በራሴ ስሕተት ልጀምር።

ከዓመታት በፊት፣ ስሙን መጥቀስ በማያስፈልገኝ አንድ መሥሪያ ቤት፣ አንድ የኡቡንቱ ሰርቨር በአደራ ተሰጥቶኝ ነበር። በሰርቨሩ ላይ የነበረው ፖስትግሬስ የተባለው የመረጃ ቋት ሶፍትዌር አንድ ቀን አልነሣ አለኝ። «አጥፍቼ እንደገና ብጭነው ይስተካከላል» ብዬ ከቀድሞ ማስታወሻዬ አንድ አጭር ስክሪፕት ገልብጬ አስኬድሁ። ስክሪፕቱ አንድም ጥያቄ ሳይጠይቀኝ በጸጥታ ሥራውን ፈጸመ። ሶፍትዌሩ እንደ አዲስ ተጭኖ ተነሣ፤ ውስጡ ግን ባዶ ነበር። በእጃችን የቀረው መጠባበቂያ ቅጂ የ11 ቀን ዕድሜ ነበረው። የ11ዱን ቀን መዝገብ ከወረቀት ላይ እያነበቡ መልሰው ያስገቡት ምንም ያላጠፉት የመዝገብ ክፍል ሠራተኞች ነበሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልጠፋም። እኔ «አዎ» ያልሁት ለማን ነበር?

ጉዳዩ እኛን የሚመለከተን በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ አገራችን ለጤና መረጃ ሥርዓቷ የምትጠቀምበት ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የተገነባ ነጻ ሶፍትዌር መረጃውን የሚያስቀምጠው በዚሁ በፖስትግሬስ ነው፤ በሊኑክስ ሰርቨር ላይ መጫኑም የተለመደ ነው። ስለዚህ ከእንዲህ ዓይነቱ ሰርቨር ፊት የተቀመጠ ባለሙያ በእጁ ያለው የእናቶችና የሕፃናት መዝገብ መሆኑን መርሳት የለበትም። ሁለተኛ፣ መልክዓ ምድራችን ስሕተትን ውድ ያደርገዋል። ከጉና ግርጌ ተነሥቶ ወደ ጋይንት ደጋ፣ ከዚያም ወደ ስማዳና ወደ እስቴ የሚሄድ ባለሙያ አንድ ሰርቨር ለመጠገን ቀኑን በመንገድ ሊያሳልፍ ይችላል። ከቢሮው ሆኖ በርቀት ሲሠራ በአንዲት ፊደል ስሕተት በሩን በራሱ ላይ ቢቆልፍ፣ ቍልፉ ያለው ከተራራው ማዶ ነው።

ተቋራጩ፣ ግንበኛውና ጸሓፊው

ግራ መጋባቱ ከየት እንደ መጣ ለመረዳት ጥቂት ታሪክ ያስፈልጋል። ዴቢያን የተባለውን የሊኑክስ ሥርጭት እ.ኤ.አ. በ1993 የጀመረው ኢያን መርዶክ ነው። ሶፍትዌር በዴቢያን የሚሰራጨው «ጥቅል» ወይም ፓኬጅ በሚባል አንድ ፋይል ነው። ጥቅሉን ፈትቶ በውስጡ ያሉትን ፋይሎች በየቦታቸው የሚያስቀምጠው ፕሮግራም ዲፒኬጂ ይባላል። ዲፒኬጂ ጥሩ ሠራተኛ ነው፤ ነገር ግን ጥቅሉን ከሩቅ ማከማቻ ፈልጎ አያመጣም። አንዱ ጥቅል ሌላውን የሚፈልግ ከሆነም «ይህ ይጎድላል» ብሎ ከማሳወቅ አልፎ የጎደለውን አያሟላም።

ይህን ክፍተት የሞላው አፕት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ከዴቢያን 2.1 ጋር ወጥቶ፣ የሚያስፈልጉትን ጥቅሎች ዝርዝር ማስላትንና ከማከማቻ ማምጣትን ሥራው አደረገ። ያመጣውን ግን ራሱ አይተክልም፤ ለዲፒኬጂ ያስረክባል። ሦስተኛው ዴብኮንፍ ነው። የጥቅል አዘጋጆች በተከላ ወይም በማስወገድ ጊዜ ባለቤቱን ሊጠይቁ የሚፈልጉትን ነገር የሚያቀርቡት በእርሱ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ኡቡንቱ የተሠራው በዴቢያን ላይ ስለሆነ ይህን አደረጃጀት እንዳለ ወርሷል።

ነገሩን በቤት ሥራ እንመስለው። አፕት ተቋራጩ ነው፤ ምን ያህል ዕቃ እንደሚያስፈልግ አስልቶ ያቀርባል። ዲፒኬጂ ግንበኛው ነው፤ ድንጋዩን በድንጋይ ላይ የሚያኖር እርሱ ነው። ዴብኮንፍ ደግሞ «በሩ በየት በኩል ይሁን? አሮጌው ዕቃ ይጣል ወይስ ይቀመጥ?» እያለ የባለቤቱን ፈቃድ የሚጠይቅ ጸሓፊ ነው። ሦስቱም የሚናገሩት በአንድ ተርሚናል፣ በአንድ ዓይነት ነጭ ጽሑፍ ነው። ተጠቃሚው ስለዚህ አንድ ሰው ብቻ የሚያነጋግር ይመስለዋል። ለተቋራጩ የሰጠው «እሺ» ግን ለግንበኛውም ለጸሓፊውም አይደርስም።

አንዲት ፊደል፣ ብዙ ትርጕም

በአማርኛ «ይበላል» ብለን ብንጽፍ የሚበላው ሰውየው ይሁን ምግቡ ከጽሕፈቱ ብቻ አይታወቅም፤ የሚለየው በማጥበቅና በማላላት ነው፤ አንባቢውም ይህን የሚረዳው ከዐረፍተ ነገሩ ነው። የትእዛዝ አማራጭ ምልክቶችም እንዲሁ ናቸው። ፊደሏ ብቻዋን ትርጕም የላትም፤ ትርጕም የሚሰጣት የሚያነባት ፕሮግራም ነው።

«ሰረዝ ኤፍ»ን እንመልከት። ለአርኤም፣ ማለት ለፋይል ማጥፊያው ትእዛዝ፣ «ሳትጠይቅ በግድ ፈጽም» ማለት ነው። ለታር «ቀጥሎ የሚመጣው የፋይል ስም ነው» ማለት ነው። ለቴይል «ፋይሉ ሲያድግ እየተከተልህ አሳይ» ማለት ነው። ለአፕት ጌት ደግሞ «የተበላሸውን የጥቅሎች ትስስር አስተካክል» ማለት ነው። ከአርኤም የተማረ ሰው በአፕት ጌት ላይ ሲያያት «በግድ» የምትል መስላው ይፈራታል፤ በአፕት ጌት የለመዳት ደግሞ በአርኤም ላይ ሳይፈራት ይጠቀምባታል። የሚጎዳው ሁለተኛው ነው።

በሬድ ሃት ቤተሰብ ዘንድም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። አርፒኤም በሚባለው የጥቅል መሣሪያ «ሰረዝ አይ» ብቻዋን ስትቆም «ጫን» ማለት ናት። «ሰረዝ ኪው አይ» ተብላ ከመጠየቂያዋ ፊደል ጋር ስትመጣ ግን «ስለዚህ ጥቅል መረጃ ስጠኝ» ማለት ትሆናለች።

ሌላው የእኛ ልዩ ችግር ትልቅና ትንሽ ፊደል ነው። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል ልዩነት የለውም። በ«ለ» እና በ«ላ» መካከል ያለችውን ቅንጣት ዓይናችን ከልጅነት ጀምሮ ያውቃታል፤ በላቲኑ ትንሽ ፒና ትልቅ ፒ መካከል ያለውን ልዩነት ግን እንደ ጌጥ እናየዋለን። ለዲፒኬጂ ግን ጌጥ አይደለም። «ዲፒኬጂ ሰረዝ ትንሹ ፒ» የአንድን ጥቅል መግለጫ አንብቦ የሚያሳይ ምንም ጉዳት የሌለው ትእዛዝ ነው። «ዲፒኬጂ ሰረዝ ትልቁ ፒ» ጥቅሉን ከነማዋቀሪያ ፋይሎቹ ጠርጎ ያጠፋል። በሁለቱ መካከል ያለው የሺፍት ቁልፍ ብቻ ነው። እንዲሁም ትንሹ ኤስ የጥቅሉን ሁኔታ ሲያሳይ፣ ትልቁ ኤስ አንድ ፋይል የየትኛው ጥቅል እንደሆነ ይፈልጋል። ትንሹ ኤል የጥቅሎችን ዝርዝር ያሳያል፤ ትልቁ ኤል በአንድ ጥቅል ውስጥ ያሉትን ፋይሎች ይዘረዝራል።

ከሁሉ የምትደንቀው ግን በመጨረሻ የምትመጣው ሰረዝ ናት። «አፕት ጌት ኢንስቶል» ብላችሁ ከአንድ ጥቅል ስም መጨረሻ ጋር አንዲት ሰረዝ ብታያይዙ፣ «ጫን» በምትሉበት ትእዛዝ ውስጥ ያንን ጥቅል «አንሣ» ማለታችሁ ነው። በተቃራኒው «ሪሙቭ» በምትሉበት ትእዛዝ ውስጥ ከስሙ መጨረሻ የመደመር ምልክት ብታኖሩ ጥቅሉ ይጫናል። ይህ ስሕተት አይደለም፤ በመመሪያው የተጻፈ፣ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው።

በጋይንት ቤተልሔም የድጓ ትምህርት የተማረ ሰው ይህን ከእኛ ቀድሞ ይረዳል። ከቃሉ በላይ በትንሹ የተጻፈች ምልክት ለተማረው አንድ ሙሉ የዜማ ሐረግ ታስታውሰዋለች፤ ላልተማረው ግን ፊደል ብቻ ናት። ተማሪው ምልክቷን የሚቀበለው ከመምህሩ ነው፤ በግምት አያዜምም። እኛም አማራጭ ምልክትን ከመመሪያው መቀበል እንጂ ከሌላ ትእዛዝ በግምት ማምጣት አይገባንም።

ማደስ፣ ማሻሻል፣ ማንሣት፣ መጥረግ

ከፊደሎቹ ወደ ቃላቱ ስንሸጋገር ደግሞ ሌላ ችግር ይገጥመናል። «አፕዴት» እና «አፕግሬድ» የሚሉትን ቃላት በአማርኛ ሁለቱንም «ማዘመን» እንላቸዋለን። በአፕት ግን አፕዴት የጥቅሎቹን ዝርዝር ብቻ ያድሳል፤ የገበያውን ዋጋ ጠይቆ እንደ መመለስ ነው፤ ምንም ነገር አልተገዛም። አዳዲሶቹን ጥቅሎች አምጥቶ የሚተክለው አፕግሬድ ነው። በሬድ ሃት ቤተሰብ በሚሠራበት ዲኤንኤፍ ግን አፕዴት የአፕግሬድ ሌላ ስም ነው። ስለዚህ ከኡቡንቱ ወደ ፌዶራ የተሻገረ ባለሙያ «ዝርዝሩን ላድስ» ብሎ አፕዴት ከነ«ሰረዝ ዋይ» ቢጽፍ መላውን ሰርቨር ያሻሽለዋል።

በአፕት ውስጥም ደረጃ አለ። አሮጌው የ«አፕት ጌት» አፕግሬድ አዲስ ጥቅል አይጨምርም፤ ያለውንም አያነሣም። እ.ኤ.አ. በ2014 እትም 1.0 የወጣው «አፕት» የተባለው አጭር ትእዛዝ አፕግሬድ ሲባል አዲስ ጥቅል ሊጨምር ይችላል፤ ያለውን ግን አያነሣም። «ፉል አፕግሬድ» ሲባል ደግሞ አስፈላጊ ሆኖ ካገኘው ያለውንም ያነሣል።

«ሪሙቭ» ፕሮግራሙን ያነሣል፤ የማዋቀሪያ ፋይሎቹን ግን ባሉበት ይተዋል። በዲፒኬጂ ዝርዝር ላይ «አር ሲ» የሚሉ ሁለት ፊደላት ከፊቱ የተጻፉበት ጥቅል ሄዶ ዕቃውን ትቶ የወጣ ተከራይ ነው። «ፐርጅ» ደግሞ ዕቃውንም ጠርጎ ያወጣል። እዚህ ላይ ነው ወደ እኔ ስሕተት የምንመለሰው።

ሦስቱ ጥያቄዎች

ፖስትግሬስ በዴቢያንና በኡቡንቱ ላይ ፐርጅ ሲደረግ ጸሓፊው፣ ማለት ዴብኮንፍ፣ አንድ ጥያቄ ያቀርባል። «የመረጃ ማውጫዎቹም ይጥፉ?» ይላል። የጥያቄው ነባሪ መልስ «አዎ» ነው። ሳያነብ ኢንተር የሚጫን ሰው «አዎ» አለ ማለት ነው።

እኔ ግን ጥያቄውን ጨርሶ አላየሁትም። ስክሪፕቴ ሁለት ነገር ነበረው። አንዱ ለአፕት ጌት የሚሰጠው «ሰረዝ ዋይ» ነው። ይህ ለተቋራጩ ጥያቄ፣ «እነዚህን ጥቅሎች ላንሣ ወይ?» ለሚለው፣ አስቀድሞ «አዎ» ማለት ነው፤ ከዚያ አልፎ ለጸሓፊው አይደርስም። ሁለተኛው የዴብኮንፍን የጥያቄ መንገድ «ኖን ኢንተራክቲቭ» የሚያደርግ መስመር ነበር። ትርጕሙ «ጸሓፊው አይጠይቀኝ፤ ለጥያቄው ሁሉ ነባሪውን መልስ ይውሰድ» ማለት ነው። ነባሪው መልስ «አዎ» ስለነበረ መዝገቡ ጠፋ። ለማሪያዲቢ የተዘጋጀው ተመሳሳይ ጥያቄ ነባሪ መልሱ «አይ» ነው። ስለዚህ በአንዱ የመረጃ ቋት ላይ ያለ ጉዳት ያለፈ ስክሪፕት በሌላው ላይ ጥፋት ያደርሳል። «ከዚህ በፊት ሠርቶልኛል» ማለት ዋስትና አይሆንም።

ሦስተኛው ጠያቂ ግንበኛው ዲፒኬጂ ነው። የእርሱ ጥያቄ ስለ ማዋቀሪያ ፋይል ብቻ ነው። ለ«ሰረዝ ዋይ»ም ሆነ ለ«ኖን ኢንተራክቲቭ» አይታዘዝም። ሁለቱንም የጻፈ ሰው በእኩለ ሌሊት ስክሪፕቱ መሐል መንገድ ላይ ቆሞ የሚያገኘው በዚህ ምክንያት ነው። መልስ የሚሰጥ ተርሚናል ከሌለ ዲፒኬጂ በስሕተት መልእክት ይቋረጣል።

በዚህ ላይ ዝምታም እንደ ስምምነት ይቆጠራል። በአፕት ጌት «ሰረዝ ኪው» ማለት «ወሬ አታብዛ» ማለት ነው። ሁለት ጊዜ «ኪው ኪው» ከተባለ ግን «ሰረዝ ዋይ»ንም በውስጡ ይዟል። መመሪያው ራሱ ሁለቱን ኪው ምንም ከማያደርግ አማራጭ ጋር፣ ለምሳሌ ከሙከራው «ሰረዝ ኤስ» ጋር፣ ካልሆነ በቀር እንዳንጠቀምባቸው ያስጠነቅቃል። ጸጥታ የፈለገ ሰው ሳያውቀው ፈቃድ ሰጥቷል።

የሁለት እጅ ጽሑፍ፦ የማዋቀሪያ ፋይል

ዲፒኬጂ ስለ ማዋቀሪያ ፋይል የሚጠይቀው ሁልጊዜ አይደለም። ፋይሉን እኛ ብቻ ለውጠነው ከሆነ ዝም ብሎ የእኛን ያቆያል። አዘጋጁ ብቻ ለውጦት ከሆነ ዝም ብሎ አዲሱን ያኖራል። የሚጠይቀው ሁለቱም እጆች ሲነኩት ብቻ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ሲመጣ «እናንተም አዘጋጁም ይህን ፋይል ለውጣችኋል፤ የማን ይጽና?» እያለ ነው።

መልሶቹ ስድስት ፊደላት ናቸው። ዋይ እና አይ አንድ ናቸው፤ የአዘጋጁን አዲስ ፋይል ተክል ይላሉ። ኤን እና ኦ አንድ ናቸው፤ የእኔን አቆይ ይላሉ፤ ነባሪውም ይህ ነው። ዲ ልዩነቱን ያሳያል። ዜድ ሁኔታውን እንድንመረምር ወደ ትእዛዝ መስመር ያወጣናል። «አዎ ማለት ይቀጥል ማለት ነው» ብሎ ዋይን የሚጫን ሰው በኤንጂንኤክስ ፋይል ላይ ለወራት የሠራውን ከቦታው ያነሣል። ደግነቱ አሮጌው ፋይል «ዲፒኬጂ ኦልድ» የሚል ቅጥያ ይዞ በአጠገቡ ይቀመጣል። የራሳችንን ካቆየን ደግሞ አዲሱ «ዲፒኬጂ ዲስት» በሚል ቅጥያ ይቀመጣል። በአርፒኤም ዘንድ እነዚህ «አርፒኤም ሴቭ» እና «አርፒኤም ኒው» ይባላሉ። ከማንኛውም ማሻሻያ በኋላ እነዚህን ቅጥያዎች በኢቲሲ ማውጫ ውስጥ መፈለግ ሥራን ማጠናቀቅ ነው።

ለስክሪፕት አስቀድሞ መልስ መስጠት የሚፈልግ ሰው በአፕት በኩል ለዲፒኬጂ «ፎርስ ኮንፍ ኦልድ» የሚለውን አማራጭ ያስተላልፋል፤ የእኔ ፋይል ይቆይ ማለት ነው። ነገር ግን አንዳንድ ጥቅሎች፣ ለምሳሌ የኤስኤስኤች ሰርቨር፣ የፋይሉን ጥያቄ የሚያቀርቡት በዴብኮንፍ በኩል ነው፤ ለግንበኛው የተነገረው ለእነርሱ አይደርስም። ሌላም አለ፤ የማዋቀሪያ ፋይሉን በእጃችሁ ካጠፋችሁት ጥቅሉን እንደገና መጫን ፋይሉን አይመልስም። ዲፒኬጂ ማጥፋታችሁን እንደ ውሳኔ ያከብረዋል፤ እንዲመልሰው «ፎርስ ኮንፍ ሚስ» ማለት ያስፈልጋል።

በፋይሎቹ ውስጥም አንድ ወጥመድ አለ። ዛሬ ብዙ ፕሮግራሞች አንድ ትልቅ ፋይል በመጠቀም ፈንታ፣ ስማቸው በቁጥር የሚጀምር ብዙ ትንንሽ ፋይሎችን በቅደም ተከተል ያነባሉ። በአፕትና በሲስሲቲኤል ዘንድ ኋላ የተነበበው የፊተኛውን ይሽራል፤ ስለዚህ 99 ከ10 ይበረታል። በኤስኤስኤች ሰርቨር ግን ለአንድ ቅንብር መጀመሪያ የተነበበው ይጸናል፤ ስለዚህ 10 ከ99 ይበረታል። በአንዱ የለመደ ሰው በሌላው ላይ «ለውጬዋለሁ» ብሎ ይሄዳል፤ ሰርቨሩ ግን የቀድሞውን እየታዘዘ ይቀራል። መፍትሔው ፋይሎቹን በዓይን መደመር ሳይሆን ፕሮግራሙ ራሱ የደረሰበትን ውጤት መጠየቅ ነው። ለአፕት «አፕት ኮንፊግ ደምፕ»፣ ለኤስኤስኤች ሰርቨር «ኤስኤስኤችዲ ሰረዝ ትልቁ ቲ» የጸናውን ቅንብር ያሳያሉ። ትንሹ ቲ ደግሞ የፋይሉን ትክክለኛነት ብቻ ይፈትሻል፤ ከርቀት የሚሠራ ሰው ሰርቨሩን ዳግም ከማስነሣቱ በፊት ይህችን ቢጠቀም መንገድ ይተርፈዋል።

በየወረዳው ልንይዘው የሚገባ ልማድ

አንደኛ፣ በምትጽፉት ስክሪፕት ሁሉ ረጅሙን የአማራጭ ስም ተጠቀሙ። «ሰረዝ ኤስ» ከማለት «ሲሙሌት»፣ «ሰረዝ ዋይ» ከማለት «አሱም የስ» በሉ። ከእናንተ በኋላ ያንን ወንበር የሚይዘው ባለሙያ ያመሰግናችኋል።

ሁለተኛ፣ ከማንሣትና ከማሻሻል በፊት በ«ሲሙሌት» ሞክሩ። አፕት የሚያነሣቸውን ጥቅሎች ዝርዝር ያሳያችኋል። ነገር ግን ሙከራው የዴብኮንፍንና የዲፒኬጂን ጥያቄዎች አያሳይም፤ ተቋራጩን ብቻ ነው የምትሰሙት።

ሦስተኛ፣ የመረጃ ቋት ባለበት ሰርቨር ላይ «ፐርጅ» ከመጻፋችሁ በፊት «ፒጂ ደምፕ ኦል» በሚለው ትእዛዝ መላውን ቋት ወደ አንድ ፋይል አውጡ፤ ፋይሉን ከሰርቨሩ ውጭ አኑሩት፤ ተመልሶ እንደሚነበብም በሌላ ኮምፒውተር ላይ አረጋግጡ። ያልተሞከረ መጠባበቂያ ተስፋ እንጂ መጠባበቂያ አይደለም።

አራተኛ፣ ኢንተርኔቱ ደካማ በሆነበት ቦታ «ዳውንሎድ ኦንሊ» የሚለው አማራጭ ጥቅሎቹን አምጥቶ ሳይተክል ያስቀምጣል። ማውረዱን መስመሩ ደኅና በሆነበት ሰዓት፣ መትከሉን ደግሞ መብራት አስተማማኝ በሆነበት ሰዓት መፈጸም ይቻላል። «ኖ ኢንስቶል ሬኮሜንድስ» ደግሞ የግድ የማያስፈልጉ ተጨማሪ ጥቅሎችን ያስቀራል።

ጥያቄና መልስ

ከስማዳ የመጡ አንድ ተሳታፊ፦ «ማሻሻያው በመካሄድ ላይ ሳለ መብራት ቢጠፋ ምን እናድርግ? አንዳንዶች የመቆለፊያ ፋይሉን አጥፉት ይላሉ።»

መልስ፦ የመቆለፊያ ፋይሉን አታጥፉ። ቁልፉ አንድ ሌላ ፕሮግራም፣ ምናልባትም በራሱ የሚሠራው የማሻሻያ አገልግሎት፣ ሥራ ላይ መሆኑን ይነግራችኋል፤ በመጀመሪያ እርሱ እስኪጨርስ ጠብቁ። መብራት ጠፍቶ የተቋረጠ ሥራ ከሆነ «ዲፒኬጂ ኮንፊገር» ብላችሁ «ሰረዝ ኤ» ጨምሩ፤ በግማሽ የቀሩትን ጥቅሎች ሁሉ አዋቅሮ ይጨርሳል። ከዚያ «አፕት ጌት ሰረዝ ኤፍ ኢንስቶል» የጎደለውን ትስስር ያሟላል። ይህች ኤፍ የአርኤሟ ኤፍ እንዳልሆነች ቀደም ሲል አይተናል።

ከእስቴ የመጡ ሌላ ተሳታፊ፦ «እንግዲህ ‹ሰረዝ ዋይ›ን ጨርሶ እንተዋት ማለት ነው? ሠሪዎቹስ ይህን ሁሉ ለምን አንድ ዓይነት አላደረጉትም?»

መልስ፦ አንተዋትም። አዲስና ባዶ ሰርቨር ላይ ጥቅል ስንጭን ምንም አትጎዳም። በማንሣትና በመጥረግ ጊዜ ግን ጥያቄውን በዓይናችን ማየት አለብን። አንድ ዓይነት ያልሆነበት ምክንያት ደግሞ ፕሮግራሞቹን ልዩ ልዩ ሰዎች በልዩ ልዩ ዘመን ስለሠሯቸው ነው። ዛሬ የአንዲት ፊደል ትርጕም ቢለወጥ በዓለም ላይ በዚያች ፊደል የተጻፉ ስክሪፕቶች ይሰበራሉ። አዲሱ «አፕት» ሲመጣ አሮጌው «አፕት ጌት» እንዲቀር የተደረገው ለዚሁ ነው። ለስክሪፕትም የሚመረጠው ጠባዩ የማይለዋወጠው አሮጌው ነው።

ክቡራንና ክቡራት፣ በዚያን ቀን እኔ «አዎ» ያልሁት ለተቋራጩ ነበር፤ መዝገቡን ያጠፋው ግን ጸሓፊው ከእኔ ዝምታ የወሰደው መልስ ነው። ስለዚህ ተርሚናሉ ጥያቄ ባቀረበላችሁ ቁጥር እጃችሁን ከኢንተር ላይ አንሥታችሁ ጠያቂው ማን እንደሆነና የሚጠይቀው ስለ ምን እንደሆነ አንብቡ፤ ዳግመኛ ሊጻፍ የማይገባውን መዝገብ ከወረቀት ላይ መልሶ የሚጽፍ ሰው እንዳይኖር።